በ6 ቀን ዘግይቼ የሰልፍ ኢምፕሎይድ ግራንት አለፈኝ፤ ምን ላድርግ?

ሹፌር_ቶተንሃም፣ ጁን 9፣ 2020

ሰላም ወገኖች፣ እንደምን ከረማችሁ? ይህን ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሦስት ሌሊት አድሬያለሁ። ምክር ያለው ይምከረኝ። ግራንት የምለው፣ በኮሮና ጊዜ መንግሥት ለራሳቸው ለሚሠሩ ሰዎች ከትርፋቸው አስልቶ የሚሰጠውን ድጎማ ነው።

ለንደን ውስጥ የሚኒካብ ሹፌር ነኝ። እስከ 2018 ኦገስት መጋዘን ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ፒሲኦዬን፣ ማለት የሚኒካብ ፈቃዴን፣ አውጥቼ፣ መኪና ተከራይቼ ለራሴ መሥራት ጀመርኩ። ተመዝግቤያለሁ፣ ዩቲአር የሚባለው የግብር ከፋይ ቁጥርም አለኝ። የመጀመሪያው ታክስ ሪተርኔ (የዓመቱን ገቢና ትርፍ ለግብር መሥሪያ ቤት የማሳውቅበት ቅጽ) የ2018-19 ነው። መግባት የነበረበት እስከ ጃንዋሪ 31፣ 2020 ነበር።

ዲሴምበር 2019 መጀመሪያ ላይ እናቴ ደሴ አረፈች። ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። ለአርባዋ ግን ነበርኩ። ስመለስ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ሆኗል። ፍሪጁ ላይ፣ ከዳቦ ማስቀመጫው ጀርባ፣ ቡናማ ፖስታዎች ተከምረው ጠበቁኝ። ባለቤቴ ስሜ ስላለበት አልነካቻቸውም። እኔም አልከፈትኳቸው። ፈራኋቸው። ሳምንት ሙሉ ወተት ላወጣ ፍሪጁን በከፈትኩ ቁጥር አያቸው ነበር። በመጨረሻ ስከፍታቸው አንዱ የ100 ፓውንድ ቅጣት ነው።

ወረቀቶቼን በፌስታል ሰብስቤ አንድ አካውንታንት ጋ ወሰድኩ። «አይዞህ፣ 100ዋን አንዴ ተቀጥተሃል። የየቀኑ ቅጣት የሚጀምረው ከሜይ 1 ነው። ከዚያ በፊት አስገባልሃለሁ» አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ሎክዳውን ሆነ፣ መኪናውን መለስኩ። ሰውዬውም እንዳለው አደረገ። ኤፕሪል 29 አስገባልኝ።

ሜይ ላይ ጓደኞቼ በዋትስአፕ «ገባልኝ፣ ገባልኝ» ይሉ ጀመር። እኔም በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ዩቲአሬንና ናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥሬን አስገብቼ አየሁ። አይመለከትህም አለኝ። ስጠይቅ፣ የ2018-19 ሪተርን ያላስገባ ሰው እስከ ኤፕሪል 23 እንዲያስገባ ጊዜ ተሰጥቶ ነበር አሉኝ። እኔ ያስገባሁት 29 ነው። ስድስት ቀን!

ትርፌ 9,600 ፓውንድ ነበር። የቤት ኪራይ አለብኝ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ። የእናቴን ሞት ብነግራቸው ይሰሙኛል? ይግባኝ የሚባል ነገር አለ?

—

እንጀራ_ክሮይደን፣ ጁን 9፣ 2020

ወንድሜ፣ የእናትህን ነፍስ ይማር። ከሁሉ በፊት እሱ ይቅደም።

እኔም አላገኘሁም። የእኔ ደግሞ መዘግየት አይደለም። ሥራ የጀመርኩት ጁን 2019 ነው። ሦስት ምጣድ ገዝቼ እቤቴ እየጋገርኩ ለሱቆችና ለሁለት ምግብ ቤቶች አቀርብ ነበር። ምግብ ቤቶቹ ተዘጉ። ለ2018-19 የማስገባው ሪተርን የለኝም፣ ያኔ ሥራው አልነበረማ። ስለዚህ እንደሌለሁ ተቆጠርኩ። መልስ ያለው ለእኔም ይንገረኝ።

—

ቀጥተኛው_በርሚንግሃም፣ ጁን 9፣ 2020

እግዜር ያጽናህ ወንድሜ። ግን እውነቱን እንነጋገር። ጃንዋሪ 31 ለሁላችንም እኩል ነው የመጣው። እኔ ሁለት ሥራ እየሠራሁ ኖቬምበር ላይ አስገባሁ። አዲስ ቀን ሲሰጥ ደግሞ ማርች 26 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሪሺ ሱናክ በቴሌቪዥን ተናግሯል። አራት ሳምንት ሙሉ ነበረህ። ሕጉን መውቀስ አይገባም።

—

ሹፌር_ቶተንሃም፣ ጁን 9፣ 2020

ሕጉን አልወቀስኩም ወንድሜ። ማርች 26 ዜናውን ሰምቻለሁ። «80 በመቶ» የሚለውን ሰማሁ፣ ቀኑን አልሰማሁም። ወረቀቴ አካውንታንቱ ጋ ስለሆነ አልቋል ብዬ ነበር። ደውዬ «አስገብተሃል ወይ?» ብለው ይበቃኝ ነበር። አልደወልኩም።

—

ሒሳብ_ያዥዋ፣ ጁን 10፣ 2020

ወንድም ሹፌር፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ሥራዬ ሒሳብ ነው። ሰሞኑን እንደ አንተ ያለ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣልኛል። በግልጽ ልንገርህ፣ ለማባበል ብዬ ጊዜህን አላባክንም።

የግራንቱ በር ተዘግቷል። ለመጀመሪያውም፣ ሰሞኑን ለታወጀው ለሁለተኛውም። የሁለቱም መነሻ እስከ ኤፕሪል 23 የገባው የ2018-19 ሪተርን ነው። ቀኑን የቆረጡት ሰው ድጎማውን ከሰማ በኋላ ትርፉን አብዝቶ እንዳይጽፍ ነው። እንዲያውም ከማርች 26 በኋላ የተደረገ ማሻሻያ አይቆጠርም። በሐዘን ምክንያት የሚፈቀድ ልዩ መንገድ ለግራንቱ አልተጻፈም።

ለቅጣቱ ግን ተጽፏል። ሁለቱን አትቀላቅል። የ100 ፓውንድ ቅጣት ላይ ይግባኝ ማለት ትችላለህ። የቅርብ ዘመድ ከቀነ ገደቡ ጥቂት ቀደም ብሎ መሞቱ ራሱ የግብር መሥሪያ ቤቱ በቂ ምክንያት ብሎ ከዘረዘራቸው ነው። ይግባኝ በተለመደው ጊዜ 30 ቀን ነው፣ አሁን በኮሮና ምክንያት ሦስት ወር ጨምረዋል። የቅጣት ደብዳቤህን ቀን አይተህ ዛሬውኑ ጻፍ። የአውሮፕላን ቲኬትህንና የሞት ማስረጃውን አዘጋጅ። ያልከፈልከው ታክስ ካለም ደውለህ በየወሩ ልክፈል በል። ዝም ካልክ 5 በመቶ ይጨመርበታል፣ ወለድም አለ።

ከዚያ ዩኒቨርሳል ክሬዲት፣ ገቢው ላነሰ ሰው መንግሥት በየወሩ የሚሰጠው ድጋፍ። «እኔ ሠራተኛ ነኝ፣ ቤኔፊት አልለምንም» የሚል ሰው ብዙ አያለሁ። ግብር የከፈልክበት ነው። በደህናው ጊዜ ለራሱ የሚሠራ ሰው ይህን ያህል አግኝቷል ብለው የሚገምቱት ዝቅተኛ ገቢ ነበር። አሁን አንስተውታል። ቁጠባህ ከ16,000 ፓውንድ በታች ከሆነ አመልክት። የመጀመሪያው ክፍያ አምስት ሳምንት ይፈጃል። በመካከሉ ቅድሚያ መጠየቅ ይቻላል፣ እሱ ግን የሚመለስ ብድር ነው።

ባውንስ ባክ የሚባለው ብድርም አለ። ከ2,000 ፓውንድ ይጀምራል፣ የሽያጭህን አንድ አራተኛ ያህል ይሰጣል፣ የመጀመሪያው ዓመት አይከፈልበትም። መኪናውን መልሰሃል፣ መቼ እንደምትመለስ አታውቅም። እኔ ብሆን አልቸኩልም።

አሁን ዋናው። የ2019-20 ሪተርንህን አስገባ። የግብር ዓመቱ ኤፕሪል 5 አልቋል፣ ለማስገባት እስከ ጃንዋሪ መጠበቅ የለብህም። ይህ ወረቀት ለግብር ብቻ አይደለም። መንግሥት አንተን የሚያውቅህ በእሱ ነው። ነገ ሌላ ድጎማ ቢመጣ የሚያዩት እሱን ነው። ይመጣል ብዬ ቃል አልገባም፣ ቢመጣ ግን ስምህ እዚያ ይገኝ።

ክሮይደን ያለሽው እህቴም እንደዚሁ። አንቺ ደግሞ መመዝገብሽን አረጋግጪ። የ2019-20 ጀማሪ እስከ ኦክቶበር 5፣ 2020 መመዝገብ አለበት።

—

አሮጌው_ሹፌር፣ ጁን 10፣ 2020

ልጆች፣ እኔ እዚህ አገር 20 ዓመት በላይ ነድቻለሁ። አንድ ነገር ልበላችሁ።

አገራችን ውስጥ ደረጃ ሐ ነጋዴ ግብሩን በሐምሌ ወር ይከፍላል። መዝገብ ብዙም አይይዝም። የቀን ገቢውን ገማች መጥቶ፣ ሱቁን ዓይቶ ይገምትለታል። በ2009 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ያ ግምት ሲወጣ ስንቱ ሱቁን ዘግቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ክፉም ይሁን ደግ፣ ግብሩ ራሱ እቤትህ ይመጣል። አንተ ትከራከራለህ፣ ታለቅሳለህ፣ ትከፍላለህ።

እዚህ ስሙ ራሱ ሰልፍ አሰስመንት ነው። ማንም መጥቶ አይገምትልህም። አንተ ነህ ገማቹ። ይህን ለመረዳት እኔ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ፖስታው ሲመጣ «ገምተውብኛል» እያልኩ እፈራ ነበር። ወረቀቱ የሚለው ግን «ንገረን» ነው።

ሹፌሩ ልጄ፣ የቤንዚን ደረሰኝህን፣ የመኪና ኪራዩን፣ ኢንሹራንሱን፣ የፒሲኦ ክፍያህን በየሳምንቱ እሁድ ማታ በአንድ ደብተር ጻፍ። እኔ ካርቶን ነበረኝ፣ የጫማ። አሁን ልጄ ስልክ ላይ ፎቶ ታነሳልኛለች። ሁለቱም ይሠራል።

—

ሒሳብ_ያዥዋ፣ ጁን 11፣ 2020

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ለደንበኞቼ እነግራቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ግራንቱ የሚገባችሁ ሰዎች፣ የመጀመሪያው ጁላይ 13 ይዘጋል። እስካሁን ያልጠየቃችሁ ካላችሁ ዛሬ ጠይቁ። አካውንታንቴ ይጠይቅልኛል ብላችሁ አትቀመጡ። ለዚህ ግራንት ወኪል በእናንተ ስም መጠየቅ አይችልም። በራሳችሁ ገቨርንመንት ጌትዌይ፣ ማለት በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ባላችሁ አካውንት፣ መግባት አለባችሁ። የሌላችሁ አሁን ክፈቱ። የይለፍ ቃሉን ለማንም አትስጡ፣ ለእኔም ቢሆን።

ሪተርን በሰው ስታስገቡ ደግሞ የማረጋገጫ ቁጥሩን ተቀበሉ። «ገብቷል» የሚል የአፍ ቃል ብቻውን አይበቃም። በራሳችሁ አካውንት ገብታችሁ የገባበትን ቀን ማየት ትችላላችሁ።

—

ሹፌር_ቶተንሃም፣ ጁላይ 22፣ 2020

ወገኖች፣ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። የይግባኝ ደብዳቤውን ከዚህ ጽሑፍ ላይ እያየሁ ጻፍኩ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ተጀምሮልኛል። ጆርናል በሚሉት የኢንተርኔት መዝገባቸው ላይ የማደርገውን ሁሉ እጽፋለሁ።

የ2019-20ን ሪተርን ራሴ አስገባሁ። ሌሊት ነው፣ ልጄ ተኝታለች። የደረሰኝ ካርቶኔን ወለሉ ላይ ዘርግቼ፣ ጠቅላላ ገቢ፣ ወጪ፣ ትርፍ እያልኩ። ትርፉ 17,400 ወጣ። መላኪያዋን ስጫን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ቁጥር መጣ። በብዕር መዳፌ ላይ ጻፍኩት፣ ስልኩ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ። ጠዋት ልጄ «አባ፣ እጅህ ላይ ምንድን ነው?» አለችኝ።

—

ቀጥተኛው_በርሚንግሃም፣ ጁላይ 22፣ 2020

ጎበዝ። ያኔ የጻፍኩት ከብዶህ ከሆነ ይቅርታ። እናት የሞተችበት ሰው ላይ እንዲህ አይጻፍም ነበር።

—

ሹፌር_ቶተንሃም፣ ዲሴምበር 3፣ 2020

ሦስተኛው ግራንት ወጥቷል። አሁንም የሦስት ወር ትርፍ 80 በመቶ፣ እስከ 7,500 ፓውንድ። አሁንም የሚያዩት የመጀመሪያውን ስለሆነ እኔን አይመለከትም። በ9,600 ትርፍ ቢሰላ የመጀመሪያው 1,920፣ ሁለተኛው በ70 በመቶ 1,680፣ ሦስተኛው 1,920 ነበር። 5,520 ፓውንድ ማለት ነው። ቁጥሩን አንዴ ጽፌ ካየሁት በኋላ ትንሽ ቀለለኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቅጣቷ ግን ተነስታልኛለች! 100ዋ ተሰርዛለች።

መኪና መልሼ ተከራይቻለሁ። አየር ማረፊያ መንገድ ላይ ሰው የለም። ሌሊት የሆስፒታል ሠራተኞች አመላልሳለሁ።

—

እንጀራ_ክሮይደን፣ ጃንዋሪ 26፣ 2021

እኔም አስገባሁ። ትናንት ማታ። እህቴ ሒሳብ ያዥዋ፣ ስልክ ላይ ሁለት ሰዓት ቆመሽ ስላስረዳሽኝ ተባረኪ። ዘንድሮ እስከ ፌብሩዋሪ 28 ካስገቡ እንደማይቀጡ ትናንት ካወጁ ወዲህ ባለቤቴ «ቆይ እንጂ፣ ምን አስቸኮለሽ» ሲለኝ ነበር። የዚህን ወንድማችንን ስድስት ቀን አስታውሼ እምቢ አልኩ።

—

ሒሳብ_ያዥዋ፣ ማርች 4፣ 2021

ትናንት የበጀት ንግግሩን ሰማችሁ? አራተኛው ግራንት የ2019-20ን ሪተርን ይቀበላል! ለመጀመሪያ ጊዜ። በ2019 የጀመራችሁም፣ አምና ኤፕሪል 23 ያመለጣችሁም ትገባላችሁ። መቁረጫው ሪተርኑ እስከ ማርች 2 ሌሊት የገባ መሆኑ ነው። ማለትም ዜናው ሲነገር ቀኑ አንድ ሌሊት አልፎት ነበር።

ሹፌርና ክሮይደን፣ ስልካችሁን ጠብቁ። የምታመለክቱበት ቀን ኤፕሪል ላይ ለየራሳችሁ ይነገራችኋል። እኔ ትናንት ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ። ከደንበኞቼ ውስጥ ሦስቱ ማርች ላይ እናስገባለን ብለውኝ ነበር።

—

ጸጉር_ሠሪ_ሊድስ፣ ማርች 12፣ 2021

ስም ሳልጽፍ ይህን ሁሉ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሳነብ ነበር። እቤቴ ሹሩባ እሠራለሁ። አምናም አላስገባሁም። ዘንድሮ ደግሞ ሥራው ተዘግቶ ምን አስገባለሁ፣ ምንስ ይሰጡኛል ብዬ ተውኩት። ዜናውን ስሰማ ሮጬ ማርች 9 አስገባሁ። ሰባት ቀን። ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። ማንንም አልወቅስም። እዚህ የተጻፈውን አንብቤ እያወቅሁ ነው የተውኩት። ለአንድ ሰው ልንገር ብዬ ነው።

—

ሒሳብ_ያዥዋ፣ ማርች 12፣ 2021

እህቴ፣ ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። እኔም ቶሎ ጠይቄሽ ቢሆን እላለሁ፣ ግን አላውቅሽም ነበር።

አራተኛውም አምስተኛውም በዚያው ማርች 2 የታሰሩ ናቸው፣ ስለዚህ አትጠብቂ። ያለሽበትን ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ግን ጠይቂ። አዲሽናል ሪስትሪክሽንስ ግራንት የሚባል ገንዘብ ተሰጥቷቸዋል፣ ሱቅ ለሌለው ሰው መስጠት አለመስጠቱ በየካውንስሉ ይለያያል። የባንክ ስቴትመንት፣ የደንበኞችሽን መልእክት፣ ያስገባሽውን ሪተርን ይዘሽ ቅረቢ። ማርች 9 ያስገባሽው ሪተርን ለዚህ ይጠቅምሻል፣ የባከነ አይደለም። የአምናውንም እንድናስገባ በግል ጻፊልኝ፣ ክፍያ አልፈልግም።

—

አሮጌው_ሹፌር፣ ማርች 13፣ 2021

ልጄ፣ ሊድስ ያለሽው። የልጅ ልጄ ሊድስ ትማራለች፣ ለፋሲካ ሹሩባ ትፈልጋለች። ሎክዳውኑ ሲከፈት ስልክሽን ለሒሳብ ያዥዋ ተዪልኝ።

—

ሹፌር_ቶተንሃም፣ ኤፕሪል 29፣ 2021

ዛሬ ገባልኝ።

የሁለቱን ዓመት ትርፍ ደምረው ለሁለት ከፈሉት፣ 13,500። በወር 1,125። ሰማንያ በመቶው 900፣ የሦስት ወር 2,700 ፓውንድ። የመጀመሪያው ዓመት ሰባት ወር ብቻ ብሠራም እንደ ሙሉ ዓመት ነው የቆጠሩት፣ ትንሽ ቀንሶብኛል። ይሁን።

ቀኑን አያችሁት? ኤፕሪል 29። አምና በዚህ ቀን ነው ሪተርኔ የገባው።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት ላላችሁ፣ ገንዘቡ በገባበት ወር ጆርናሉ ላይ አሳውቁ፣ እንደ ገቢ ይቆጠራል። ግብርም አለበት። ይህ አራተኛው በ2021-22 ሪተርን ውስጥ ነው የሚጻፈው። እኔ ከአሁኑ 20 በመቶውን ለይቼ አስቀምጫለሁ።

—

እንጀራ_ክሮይደን፣ ጁላይ 19፣ 2021

እኔም ያኔ አግኝቼ ነበር፣ ደስታ አፌን ዘግቶት ሳልጽፍ ቀረሁ። አራተኛ ምጣድ ገዛሁበት።

አሁን ስለ አምስተኛው ሰዎች ግራ አጋብተውኛል። ሽያጭ ቀንሷል አልቀነሰም የሚል ስሌት አለ ይላሉ?

—

ሒሳብ_ያዥዋ፣ ጁላይ 19፣ 2021

አዎ። ሽያጩ 30 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሰበት 80 በመቶውን ያገኛል፣ እስከ 7,500። ከዚያ በታች የቀነሰበት 30 በመቶ ብቻ፣ እስከ 2,850። ወንድም ሹፌር፣ ይህ አንተን ይመለከታል። አንቺ ግን የጀመርሽው በ2019-20 ስለሆነ ይህን ስሌት አትሠሪም፣ 80 በመቶው ነው የሚታሰብልሽ። ለሁላችሁም እስከ ሴፕቴምበር 30 ነው። እባካችሁ 29ኛውን አትጠብቁ።

—

ልጅ_ሃሪንጌይ፣ ጁላይ 25፣ 2021

ሰላም። አማርኛ መጻፍ ብዙ አልችልም፣ ይቅርታ። አባቴ ሹፌር ነው። ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ብዙ ቡናማ ፖስታ አገኘሁ፣ ያልተከፈተ። ሲጠየቅ ይቆጣል። ዩቲአር የሚባለው ቁጥር የት ነው ያለው?

—

ሹፌር_ቶተንሃም፣ ጁላይ 25፣ 2021

ልጄ፣ አማርኛሽ ጥሩ ነው። ቁጥሩ ደብዳቤው የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከላይ አካባቢ ነው፣ አሥር አሃዝ። ግን አንቺ አትክፈቺው፣ ስሙ ያለበት እሱ ነው። አባትሽ የተቆጣው በአንቺ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም፣ ቶተንሃም ቅርብ ነው። ፖስታዎቹን እንደታሸጉ ይዞ ይምጣ በይው። ቡና እናፈላለን፣ አንድ በአንድ አብረን እንከፍታቸዋለን።